በእንቅርት ላይ ሃሺሞቶ፦ የአንገት ዕጢያችን እና የማዕዳችን ታሪክ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። በችግር ላይ ሌላ ችግር ሲደረብ የምንለው ነው። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር የሚያብጥ፣ ብዙ ጊዜ ልጆችን የሚይዝ በሽታ ነው። እንቅርት ደግሞ ከአንገት ፊት ለፊት የሚወጣው እብጠት ነው። ተረቱን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሁለቱንም በዓይኑ እያየ የኖረ መሆን አለበት። አንድ በሽታ ተረት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከሕዝብ ጋር ብዙ ዘመን መክረም አለበትና።

ዛሬ ኦሎምፒያ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ቁጭ ብላችሁ ከጎናችሁ «ታይሮይድ አለብኝ» የሚል ሰው ብትሰሙ ግን ወሬው ስለ እንቅርት ላይሆን ይችላል። አንገቷ ላይ ምንም እብጠት የማይታይባት ሴት የደም ምርመራ አድርጋ «ሃሺሞቶ» የሚል የጃፓን ስም ይዛ ልትመለስ ትችላለች። ከዚያ ምክሩ ይዘንባል። አንዷ «ጥቁር አዝሙድ በማር ውሰጂ» ትላለች። ሌላዋ «ጎመን ተዪ፣ ስንዴ አቁሚ» ትላለች። ሦስተኛዋ «ሮዙን ጨው ግዢ፣ ኪኒኑን ግን ቀስ ብለሽ አቁሚ» ብላ ትጨምራለች።

ከዚህ ሁሉ የትኛው እውነት ነው? «ምግብና ታይሮይድ አይገናኙም፣ ወሬ ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ግን ስህተት ይሆናል፤ በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ በምግብ ብቻ በብዛት ከጠፉ በሽታዎች አንዱ እንቅርት ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአንዲት ዕጢ ላይ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች አሉ፤ የአንደኛውን መድኃኒት ወስዶ ለሁለተኛው መስጠት ደግሞ አንዳንዴ ጉዳት ነው። እስቲ ታሪኮቹን ተራ በተራ እንያቸው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቢራቢሮዋ ዕጢ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል፦ ታይሮይድማ ሁላችንም አለን! ታይሮይድ የበሽታ ስም አይደለም። ከማንቁርት ዝቅ ብላ የመተንፈሻ ቧንቧን እንደ ቢራቢሮ በሁለት ክንፍ ያቀፈች ትንሽ ዕጢ ናት። ሥራዋ ሆርሞን መሥራት ነው። ይህ ሆርሞን ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመነጭ፣ የበላነው ምግብ በምን ፍጥነት እንደሚቃጠል ይወስናል። በማህፀን ላለ ፅንስና ለሕፃን ደግሞ የአንጎል ዕድገት የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሐሳቡም ይዘገያል። ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ላብ ይላል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል።

ሆርሞኑ የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት 250 ያስፈልጋታል። አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው አዮዲን ቢደመር ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ያቺ ማንኪያ ግን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መምጣት አለባት። ካልመጣች ዕጢዋ «ምናልባት ብተልቅ ይደርሰኝ ይሆናል» እንዳለች ሁሉ እያደገች ትሄዳለች። እንቅርት ማለት ይሄ ነው፤ በአዮዲን የተራበች ዕጢ።

ጨው የሞላባት፣ አዮዲን የራባት አገር

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ኢትዮጵያ የጨው ድሃ ሆና አታውቅም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ነጋዴዎች ወደ ወርቁ አገር ጨው ይዘው እንደሚሄዱ ጽፏል። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቹጋላዊው አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራ አይቷል። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው እየወጣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገበያ ላይ ገንዘብ ነበር። እንዲያውም አያቶቻችን አሞሌ ይልሱ ነበር።

ታዲያ እንቅርት ከየት መጣ? መልሱ «ጨው» እና «አዮዲን» አንድ ነገር አለመሆናቸው ነው። የባሕር ውኃ አዮዲን አለው፤ ውኃው ተኖ ጨው ሲቀር ግን ከጨዉ ጋር የሚቀረው አዮዲን እጅግ ጥቂት ነው። ከምድር የሚቆረጠውም እንዲሁ። ስለዚህ አሞሌ ወጡን ያጣፍጣል እንጂ አንገትን አያድንም።

ሁለተኛው ምክንያት መሬቱ ነው። አዮዲን በአፈር ላይ ይቀመጣል፤ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ደግሞ ዝናብና ጎርፍ ጠርገው ወደ ባሕር ይወስዱታል። ተራራማ አገርና አፈሩ የሚሸረሸር ደጋ በዚህ ይጎዳሉ። ስዊዘርላንድ በአልፕስ ተራሮች፣ እኛም በደጋችን አንድ ዓይነት ዕጣ ደረሰን። አፈሩ ውስጥ የሌለ ነገር ጤፉም፣ ገብሱም፣ ላሟም ውስጥ አይኖርም። ሰው የጓሮውን በልቶ፣ ጠግቦ፣ በአዮዲን ይራባል።

ንቅሳት፣ ተክልና አመድ

ሰው ደግሞ ታሞ ዝም አይልም። በደጋው አገር የእናቶቻችንን አንገት የከበበው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርት እንዳይወጣ ወይም እንዳይብስ ተብሎም ይነቀስ እንደነበር ይነገራል። መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስም ለብዙ ዓይነት እብጠት የተለመዱ ሕክምናዎች ነበሩ። የዕፅዋቱን ዕውቀት ደግሞ ደብተራዎችና የባህል ሐኪሞች በብራና ጽፈው አቆይተውታል። ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 ያሳተመው ሥራ የኢትዮጵያን የመድኃኒት መጻሕፍት ሰብስቦ ለዓለም አንባቢ አቅርቧል። እነዚያን መጻሕፍት የሚያይ ሰው ቅጠል፣ ሥራሥርና ጸሎት ጎን ለጎን ተሰልፈው ያገኛል።

ይህን ስታነቡ «ኋላ ቀር» ለማለት አትቸኩሉ፤ ሌላው ዓለምም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ቻይናውያን ለእንቅርት የባሕር አረም ይሰጡ ነበር። አውሮፓውያን የባሕር ስፖንጅ አቃጥለው አመዱን ያውጡ ነበር። ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዳንዴ ግን ይሠራ ነበር።

ምሥጢሩ የተገለጠው በድንገት ነው። በ1811 ፈረንሳዊው በርናር ኩርትዋ ለባሩድ የሚሆን ቅመም ከባሕር አረም አመድ ሲያወጣ ሐምራዊ ጢስ ሲነሣ አየ። አዮዲን ተገኘ። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንስዋ ኩዋንዴ «ስፖንጁ የሚሠራው በውስጡ ባለው አዮዲን ይሆናል» ብሎ ገምቶ ለሕሙማን አዮዲን መስጠት ጀመረ። የብዙዎቹ እንቅርት ቀነሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ አንዳንዶቹ ከሱ፣ ልባቸው መታ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። አዮዲኑ በዝቶባቸው ነበር። ይህቺን ነገር ያዟት፤ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

የማያሻማው ማረጋገጫ የመጣው ከአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ከአክሮን ከተማ ነው። ከ1917 ጀምሮ ዴቪድ ማሪንና ኦሊቨር ኪምቦል ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን ሰጡ። አዮዲን ከወሰዱት 2,190 ልጆች ዕጢያቸው የተለቀው 5 ብቻ ነበሩ። ካልወሰዱት 2,305 ልጆች ግን 495 ናቸው። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የአሜሪካዋ ሚሺጋን በ1924 አዮዲን የተጨመረበት ጨው ወደ ሕዝብ ማዳረስ ጀመሩ። ኪኒን ማደል ሳያስፈልግ፣ ሰው የዕለት ወጡን እየበላ አንገቱ ዳነ። «ምግብ መድኃኒት ነው» የሚለው አባባል እንዲህ ባለ ቁጥር የተረጋገጠበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ጎመን ተከሰሰ

አሁን ወደ ጎመን እንምጣ። በ1928 አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩ ተመራማሪዎች ለሌላ ጥናት ያረቧቸው ጥንቸሎች እንቅርት እንዳወጡ አዩ። የጥንቸሎቹ ቀለብ በአብዛኛው ጥቅል ጎመን ነበር። በጎመን ዘሮች ውስጥ ዕጢዋ አዮዲን እንዳትጠቀም የሚያደርጉ ቅመሞች እንዳሉ ቀስ በቀስ ታወቀ። የእኛ የሐበሻ ጎመንም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። ምጣድ የምናሰሻበት ጎመንዘር ደግሞ የዚሁ ተክል ፍሬ ነው።

ታዲያ ክትፎ ያለ ጎመን ይበላ? ኧረ አያስፈልግም። ጥንቸሎቹ ጎመኑን በጥሬው፣ በየቀኑ፣ በገፍ ነበር የሚበሉት። እኛ ጎመንን እንቀቅላለን፤ ሙቀት ደግሞ ቅመሙን የሚያነቃውን ኢንዛይም ያዳክመዋል። አዮዲን በበቂ የሚያገኝ ሰው በሳምንት ጥቂት ቀን የበሰለ ጎመን በመብላቱ ዕጢው አይጎዳም። ጎመን ጉልበት የሚያገኘው አዮዲን በሌለበት ቤት ነው።

ካሳቫም እንዲሁ ነው። ካሳቫ በደንብ ካልተዘፈዘፈና ካልደረቀ ሳያናይድ የሚሰጥ ቅመም በውስጡ ይቀራል፤ ሰውነታችን ይህን መርዝ ሲያመክን የሚፈጠረው ነገር ደግሞ አዮዲን ወደ ዕጢዋ እንዳይገባ ይሻማል። ቸርነት አቡዬና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባሳተሙት ጥናት ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሳቫ መመገብ በጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መርምረዋል፤ እንቅርት አንዱ ጉዳያቸው ነበር። አዮዲን ካነሰ ማዕድ ላይ ያልተዘጋጀ ካሳቫ ሲጨመር፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ያኔ ነው።

የጎመን ነገር ግን እዚህ አላበቃም። ዕጢዋን የሚያደክሙ ቅመሞችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ መጀመሪያ «ሆርሞኑ ለበዛበት ሰውስ ይህ ጠላት ወዳጅ አይሆንም ወይ?» ብለው ጠየቁ። አሜሪካዊው ኤድዊን አስትዉድ በ1943 የዚህ ዓይነት ቅመሞችን ሆርሞን ለበዛባቸው ሕሙማን መስጠቱን አሳወቀ። ዛሬ በኢትዮጵያ ሆርሞን ለበዛባቸው ሰዎች የሚታዘዘው ፒ.ቲ.ዩ. የተባለው ኪኒን የዚያ ምርምር ልጅ ነው። ልብ በሉ፤ ሰው የዳነው ጎመን በልቶ አይደለም። ቅመሙ ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ ተሞክሮ፣ መጠኑ ታውቆ ነው። በተክልና በመድኃኒት መካከል ያለው መንገድ ይህ ነው።

ከቀይ ባሕር እስከ አፍዴራ

ወደ አገራችን ቆጠራ እንመለስ። ዘውዴ ወልደገብርኤልና ባልደረቦቻቸው በ1993 ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ከኤርትራና ከትግራይ በስተቀር በሁሉም ክፍለ ሀገሮች የ35,635 ተማሪዎችን አንገት መርምሯል። 30.6 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። ይህ ማለት 60 ልጆች ካሉበት ክፍል ውስጥ 18ቱ ማለት ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነበር፤ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር። ያኔ የአገሪቱ ጨው በብዛት የሚመጣው ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከአሰብና ከምጽዋ ስለነበር እዚያው አዮዲን እየተጨመረበት መምጣት ጀምሮ ነበር። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። ገበያውን የሞላው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረት ጨው ሆነ። አገሪቱ ጨው አላጣችም፤ አዮዲኑን ግን አጣች። የሰው ማዕድ በጦርነት የሚጎዳው በረሃብ ብቻ አይደለም።

ውጤቱ በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ታየ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት ልጆች 39.9 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። ቸርነት አቡዬና የማነ ብርሃነ በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው፣ እንቅርት ካለባቸው ሴቶች መካከልም ፅንስ ማጣት የበዛ መሆኑን አሳይተዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ከሴቶቹ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የችግሩን ምክንያትና አዮዲን ያለው ጨው ያለውን ጥቅም አያውቁም ነበር።

እንቅርት የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። የማይታየው የባሰ ነው፤ በእርግዝና ወቅት አዮዲን በጣም ሲያንስ የሚወለደው ልጅ አንጎል ዕድገት ይጎዳል፣ የሄደው አይመለስም። ለዚህ ነው በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ቁጥር 204 ያስገደደው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር። በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ደረሰ። አምስት ዓመት ብቻ! ሁሉም ጨው በቂ አዮዲን አለው ማለት ባይሆንም፣ ከአሞሌ ዘመን ወዲህ በማዕዳችን ላይ ከታዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ፦ የራስ ወታደር ሲዞር

አሁን ወደ ጃፓን። ጃፓናውያን የባሕር አረም የሚበሉ ሕዝብ ናቸው፤ አዮዲን አይርባቸውም። በ1912 ግን ሃካሩ ሃሺሞቶ የተባለ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም በአራት ሴቶች ዕጢ ላይ ያየውን በጀርመንኛ አሳተመ። ዕጢዎቹ ተልቀዋል። በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ግን በነጭ የደም ሕዋሳት ተወርረው ነበር። ሃሺሞቶ ከዚያ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ የመንደር ሐኪም ሆነ፤ በ1934 በታይፎይድ ሞተ። ያየው ነገር ምን እንደሆነ በሕይወቱ አላወቀም።

ያወቁት በ1956 ነው። በለንደን እነ ዲቦራ ዶኒያክና አይቫን ሮይት የሃሺሞቶ ሕሙማን ደም የገዛ ዕጢያቸውን የሚቃወሙ ፀረ እንግዳ አካላት እንዳሉት አሳዩ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኖኤል ሮዝና ኧርነስት ዊተብስኪ በጥንቸሎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። ከበሽታ እንዲጠብቀን የተሰለፈው ወታደር ዞሮ የራሱን ሰፈር ይመታል ማለት ነው። በሃሺሞቶ ዕጢዋ ቀስ በቀስ ትደክማለች፣ ሆርሞን ያንሳል። በግሬቭስ በሽታ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላቱ ዕጢዋን እየጎተጎቱ ከልክ በላይ ያሠሯታል። ሁለቱም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዙ እጥፍ ይይዛሉ።

ልዩነቱ ይኸው ነው። በእንቅርቱ ታሪክ ዕጢዋ ጤነኛ ናት፣ የጎደላት ቀለብ ነው። በሃሺሞቶ ታሪክ ግን ቀለቡ ሞልቶ ዕጢዋ እየተመታች ነው። የተራበን በምግብ ታድናላችሁ፤ እየተደበደበ ያለን ሰው ግን እንጀራ ብታጎርሱት ድብደባው አይቆምለትም።

እንዲያውም አዮዲን ሲበዛ ሊያባብሰው ይችላል። የኩዋንዴን ሕሙማን አስታውሱ። ዚምባብዌ ጨዋ ላይ አዮዲን ከጨመረች በኋላ ሐራሬ ውስጥ ሆርሞን የበዛባቸው ሕሙማን ቁጥር ከፍ ማለቱ በ1995 ተዘግቧል። ዴንማርክም በ2000 ጨው ላይ አዮዲን ስታስገድድ በጥንቃቄ እየተከታተለች ነበር፤ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉባቸው ሰዎች ጨምረው ተገኝተዋል። ታዲያ ጨዉን እንተው? በፍጹም! የአንድ ትውልድ አንጎል ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ሃሺሞቶ ያለበት ሰውም በወጥ ውስጥ ያለውን የተለመደ መጠን መፍራት የለበትም። መፍራት ያለበት «ለታይሮይድ» ተብሎ የሚሸጠውን፣ አዮዲን የታጨቀበትን የባሕር አረም እንክብል ነው።

ዕጢዋ ደክማ ሆርሞን ላነሰበት ሰውስ ምን ተገኘ? በ1891 እንግሊዛዊው ጆርጅ መሬ የበግ ታይሮይድ ጭማቂ በመርፌ ሰጠ፣ ታማሚዋ ተነሣች፤ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች። በዓመቱ ሌሎች ሐኪሞች የበጉን ዕጢ በምግብ መልክ ማብላት ጀመሩ። በ1914 ኤድዋርድ ኬንዳል ሆርሞኑን ለየው፤ በ1927 ሃሪንግተንና ባርገር በላቦራቶሪ ሠሩት። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ትንሽ ኪኒን የዚያ የበግ ዕጢ የልጅ ልጅ ነው። ባዕድ ነገር አይደለም፤ ዕጢዋ ራሷ ትሠራው የነበረው ሆርሞን ነው።

የዛሬው ገበታ

አሁን ወደ ካፌው ምክር እንመለስና አንድ በአንድ እንመዝነው።

ጥቁር አዝሙድ፦ ይሄ ባዶ ወሬ አይደለም። በ2016 ከኢራን የታተመ ጥናት ሃሺሞቶ ያለባቸውን 40 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን በቀን 2 ግራም የጥቁር አዝሙድ ዱቄት ለ8 ሳምንት ሰጠ። የፀረ እንግዳ አካላቱ መጠን ቀነሰ፣ ክብደትም ቀነሰ። ደስ ይላል። ግን 40 ሰው ትንሽ ነው፣ 8 ሳምንትም አጭር ነው። ስለዚህ ጥቁር አዝሙድ በዳቦና በበርበሬ ውስጥ ቦታውን ይዞ ይቀጥል፤ የኪኒን ቦታ ግን ገና አልተሰጠውም።

ሴሌኒየም፦ ዕጢዋ ሆርሞኑን ለመሥራትና ራሷን ለመጠበቅ ይህን ማዕድን ትፈልገዋለች። በኪኒን መልክ ሲሰጥ ፀረ እንግዳ አካላትን እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ሰው ጤንነቱ ተሻሽሎ ይሰማዋል ወይ የሚለው ግን አልጠራም። የእኛው አገር ታሪክ ደግሞ እዚህ ይገባል። ዳዊት ጋሹን ጨምሮ ኢትዮጵያውያን የተሳተፉበት በ2021 የታተመ ጥናት በእህላችን ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። በአንዱ ወረዳ የበቀለ ጤፍ የያዘውን የሌላው ወረዳ ጤፍ አይዝም። እንደ አዮዲኑ ሁሉ ነገሩ የአፈር ነው። ሴሌኒየም ሲበዛ ግን መርዝ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር ኪኒኑን መዋጥ አያስፈልግም።

ስንዴ ማቆም፦ ሲሊያክ የሚባል፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚቀሰቅሰው በሽታ አለ። ይህ በሽታ ሃሺሞቶ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በለጥ ብሎ ይታያል። ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ማቆሙ ግዴታ ነው። ሌላው ሃሺሞቶ ያለበት ሰው በማቆሙ እንደሚድን ግን አልተረጋገጠም። ለማንኛውም እኛ ዕድለኞች ነን፤ ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ውጭ አገር ያለው ሰው በውድ የሚፈልገው እንጀራ እኛ ጋ የዕለት ምግብ ነው። ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ከተቀላቀለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሮዝ ጨው፦ በቦሌ መንገድ ሱፐርማርኬቶች በሚያምር ዕቃ ተደርድሮ የሚሸጠው ሮዝ ጨው ቀለሙን ያገኘው ከጥቂት ብረት ነው። አዮዲን ካልተጨመረበት ከአሞሌ የሚለየው በዋጋው ነው። «ጤናማ» ተብሎ በቤት ውስጥ ያለውን አዮዲን ያለበትን ጨው ሙሉ በሙሉ ከተካ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት፣ ደንብ ወጥቶለት የመጣውን ለውጥ በገዛ ገንዘባችን ወደ ኋላ መመለስ ይሆናል። አዮዲን ያለውን ጨው ክዳኑን ዘግታችሁ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁት፤ ወጥ ላይም ሊወርድ ሲል ብትጨምሩት የሚጠፋው አዮዲን ያንሳል።

ቡና፦ ይሄን ማንም አይመክራችሁም፣ ግን ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ሌቮታይሮክሲን ከቡና ጋር ከተዋጠ በአንጀት በኩል የሚገባው መጠን ይቀንሳል። እናታችሁ ጠዋት ኪኒኗን በአቦል የምታወራርድ ከሆነ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ማለቷ ላይገርም ይችላል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ትውሰደው፤ ቡናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ ከእሱ አራት ሰዓት ይራቁ።

አንድ የቀረ ምክር ነበር፤ «ኪኒኑን ቀስ ብለሽ አቁሚ» የሚለው። ሆርሞኑ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ያቆመ ሰው ለጥቂት ሳምንት ምንም ላይሰማው ይችላል። «ይኸው ዳንኩ፣ ቅጠሉ ሠራ» የሚባለው በዚህ መሃል ነው። ድካሙ ዘግይቶ ይመጣል። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ፅንሱም ጭምር ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ «ታይሮይድ» የሚል ቃል ሲነሣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ልብላ?» ሳይሆን «የትኛው ነው?» የሚለው ነው። የአዮዲን ማነስ ነው ወይስ የራስ መከላከያ መዞር? ሆርሞኑ አንሷል ወይስ በዝቷል? ይህን የደም ምርመራና ሐኪም ይመልሱታል። ከዚያ ጥቁር አዝሙዱም፣ ተልባውም፣ ሽፈራውም ካለ ለሐኪሙ መንገር ነው፤ ሐኪሙ ይቆጣል ብሎ መደበቅ አያስፈልግም። የምትወስዱትን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የኪኒኑ መጠን የሚስተካከለው ያን አይቶ ነው።